96 ዲግሪ ትክክል ነው፦ ስለ ሒሳብና ሳይንስ ትምህርት ከድሬዳዋ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለድሬዳዋ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ፤
በከተማችን ለምትገኙ ርዕሳነ መምህራን፣ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን እንዲሁም ወላጆች

ጉዳዩ፦ ተማሪዎች የለኩትን ቁጥር እንዲጽፉና በለኩት እንዲታረሙ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በድሬዳዋ በኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ በጤና፣ በግንባታ፣ በፋብሪካ ላብራቶሪና በሒሳብ ሥራ የተሰማራን ሰዎች ነን። ትምህርት ቤት ከተማርነው ሒሳብና ሳይንስ የቱ እንደጠቀመን፣ የቱ ደግሞ ከፈተናው ማግስት እንደተነነ ሥራው ራሱ አበጥሮ አሳይቶናል። ቀመር አልጎደለንም። ቮልት በአምፒር ሲባዛ ዋት እንደሚሆን ከመካከላችን የትኛውም ሰው ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ቢጠየቅ ይመልሳል። የሚያስቸግረው ሌላው ነው። 3,800 ዋት ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ስንት ይመዝናል? ቴርሞሜትሩና መጽሐፉ ሲለያዩስ የትኛው ይታመናል?

በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ እንቆያለን፤ የምንጠይቀው ሁሉ የሚመዘዘው ከእሱ ነውና።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ የውሃ ነጥበ ፍሌት (ውሃ የሚፈላበት ሙቀት) በየ300 ሜትሩ በግምት 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በከተማችን ሰፈሮች፣ ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ1,850 ሜትር በላይ ባለችው ሐረር ወደ 94 ይወርዳል፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ይሆናል። አሁን ቴርሞሜትር የያዘ የ7ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ውሃው ይንተከተካል፣ ቴርሞሜትሩ 96 ላይ ቀጥ ብሎ ይቀራል። መጽሐፉ 100 ይላል። ተማሪው ሪፖርቱ ላይ 100 ይጽፋል፣ መምህሩም የራይት ምልክት ያደርግለታል። ልጁ በዚያች ደቂቃ የተማረው መሣሪያ ሊዋሽ እንደሚችል፣ መጽሐፍ ግን እንደማይሳሳት ነው። በነገራችን ላይ መጽሐፉም አልዋሸም። 100 የሚለው «በባሕር ጠለል ግፊት» ከምትል ሐረግ ጋር ነው፤ ሐረጓ ከሰሌዳ ወደ ደብተር ስትገለበጥ ትወድቃለች።

ሙከራው በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይጠናቀቃል። ግማሽ ሊትር ውሃ በትንሽ ድስት ይጣዳል። የሚያስፈልገው እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ ቀይ የአልኮል ቴርሞሜትር ነው። የትኩሳት መለኪያው 42 ላይ ስለሚያበቃ ፈላ ውሃ ውስጥ ይሰነጠቃል፣ ሜርኩሪ ያለበት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ቴርሞሜትሩ በድስቱ አፍ ላይ ከተጋደመ እንጨት በክር ይንጠለጠል፤ ጫፉ ውሃው መካከል ይሁን እንጂ የድስቱን ታች አይንካ። በየደቂቃው ይነበብ፣ ቁጥሩ ከቆመ በኋላም 5 ደቂቃ ይቀጠል። የሚበላሸውም በታወቁ ቦታዎች ነው። ጫፉ የድስቱን ታች ከነካ ንባቡ ከፍ ይላል። ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን አረፋዎች ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው አየር ሲወጣ የሚፈጠሩ ናቸው፤ መፍላት የመሰላቸው ልጆች በዚያው ያቆማሉ። ቴርሞሜትሩን ከላይ ወደ ታች አዘንብሎ የሚያነብ ተማሪ ደግሞ ከጓደኛው በ1 ዲግሪ ሊለያይ ይችላል፤ ዓይን ከፈሳሹ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከድሬዳዋ አንድ፣ ከሐረር አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ቀን ሠርተው ውጤቱን በስልክ ቢለዋወጡ፣ የጅቡቲን 100 ጨምረው በስኩዌር ወረቀት ላይ ሦስት ነጥብ ያስቀምጣሉ። መስመሩን ያሰምሩና ተዳፋቱን ያሰላሉ። የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ያን ዕለት ሥራ አገኘ ማለት ነው።

«4 ዲግሪ ምን ያህል ነገር ነው?» ለሚል ሰው ጤና ጣቢያ ያለውን ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት የሚያመክን ማሽን) እናሳየዋለን። የሕክምና መሣሪያ ለማምከን እንፋሎቱ 121 ዲግሪ መድረስ አለበት። ለዚህ በውስጡ ያለው ጠቅላላ ግፊት 205 ኪሎ ፓስካል ገደማ መሆን ይኖርበታል። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) የሚያሳየው ግን ጠቅላላውን ግፊት ሳይሆን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ነው። በባሕር ጠለል የውጭው አየር 101 ስለሆነ ትርፉ 104 ይሆናል፤ ይህም ጌጁ ላይ በሚጻፈው ሌላ የግፊት መለኪያ 15 ፒኤስአይ ማለት ነው። ድሬዳዋ ላይ የውጭው አየር 88 ገደማ ስለሆነ 117 ያስፈልጋል፣ 17 ፒኤስአይ። ሐረር ላይ 124፣ ማለትም 18 ፒኤስአይ። «15 ላይ ሲደርስ ሰዓት ያዝ» የሚለውን መመሪያ ይዞ እዚህ የሚሠራ ሰው ማሽኑን የሚያቆየው በ119 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሙቀቱን ራሳቸው እየለኩ የሚቆጣጠሩት አዳዲሶቹ ማሽኖች ይህ ችግር የለባቸውም። በጌጅ ብቻ የሚሠሩት፣ ድስት መሰሎቹ ግን አለባቸው። ልዩነቱ ከሁለት ቁጥሮች መቀነስ በላይ ሒሳብ የለውም፤ የሚጠይቀው ጌጁ ምን እንደሚለካ ማወቅ ነው።

ወደ ኤሌክትሪክ እንምጣ። ለዚህ ቤተ ሙከራ መሥራት አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ቤት በር ላይ ቆጣሪ ተሰቅሏል። ቆጣሪው ፊት ላይ ትንሿ መብራት ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፎ ይገኛል። 1,600 የሚል ከሆነ አንድ ብልጭታ 2,250 ጁል ነው፤ 3,600,000 ለ1,600 ሲካፈል ማለት ነው። ተማሪው በወላጁ ፊት ፍሪጁን ጨምሮ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ከሶኬት ይነቅልና የውሃ ማፍያውን ብቻ ይሰካል። በስልክ ሰዓት ይዞ 10 ብልጭታ ይቆጥራል፤ የመጀመሪያዋ ብልጭታ «ዜሮ» ተብላ ነው የምትጀመረው። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ይሳሳታል፤ የመጀመሪያዋን «አንድ» ብሎ የጀመረ በእጁ ያለው 9 ክፍተት ነው፣ ውጤቱም በ10 በመቶ ያህል ይዛባል። 10 ክፍተት 12 ሰከንድ ከፈጀ ኃይሉ 22,500 ለ12፣ ማለትም 1,875 ዋት ነው። ከዚያ ማፍያው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ያስተያየው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። አንድ ሊትር ውሃ ከ26 ዲግሪ ወደ 96 ለማድረስ 4,186 በ70 ተባዝቶ 293,000 ጁል ያህል ይፈልጋል። 1,875 ዋት ያለው ማፍያ ምንም ሳያባክን ቢሠራ በ156 ሰከንድ ይጨርስ ነበር። 185 ሰከንድ ከፈጀበት የተከፈለው 347,000 ጁል ነው፤ 84 በመቶው ውሃው ውስጥ ገብቷል። ቀሪው የት ሄደ? በማፍያው አካል፣ በእንፋሎቱ፣ ዙሪያውን ባለው አየር። ማፍያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት የያዘ ከሆነ ምን እንደሚለወጥ መምህሩ ይጠይቃቸው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ቅርፊት የሌለበት ማፍያ ማግኘት ከባድ ነው። ኪሎ ዋት ሰዓት በ«ኪሎ ዋት በሰዓት» እየተተካ የሚጻፈው ስህተትም በዚህ ሙከራ ይታረማል፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው በጊዜ የተባዛውን እንጂ የተካፈለውን አይደለም።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን። 3,800 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 17 አምፒር ይስባል። በዚያው መስመር ላይ ባለ 1,800 ዋት ውሃ ማፍያ ሲጨመር 25 አምፒር ያልፋል፣ 16 አምፒር የሆነው ብሬከርም ጥቂት ታግሶ ይወርዳል። ያኔ «ብሬከሩ ደካማ ነው» ብሎ በ32 የሚለውጠው ሰው የኦም ሕግን በቃሉ ያውቀዋል። ግድግዳው ውስጥ ያለው ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን አልተለወጠም፤ አሁን ቀድሞ የሚግለው ሽቦው ነው፣ የሚያቆመውም የለም። ቮልቴጅ ከ220 ወደ 190 ሲወርድ ደግሞ ምጣዱ ከኃይሉ ሩቡን ያጣል፤ ኃይል ከቮልቴጅ ጋር የሚሄደው በካሬ ነውና። እንጀራው ዓይን አልወጣለት ሲል ሊጡ ከመኮነኑ በፊት ይህ ይታሰብ።

ስለ ኬሚስትሪ ብዙ ቦታ አንወስድም፤ አንዱን ብቻ በደንብ እንናገር። በከተማችን ዙሪያ ያለው ኮረብታ በብዛት የኖራ ድንጋይ ነው፤ የሲሚንቶው ጥሬ ዕቃም፣ ማፍያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም አንድ ነገር ናቸው፣ ካልሲየም ካርቦኔት። 10 ግራም የተወቀጠ ድንጋይ 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ ውስጥ ይጨመር። የአቼቶው ጠርሙስ 5 በመቶ የሚል ከሆነ በውስጡ ያለው አሲድ ከ4.2 ግራም ድንጋይ በላይ ሊያሟሟ አይችልም። ስለዚህ ከግማሽ በላይ ሳይሟሟ ቢቀር «ድንጋዩ የኖራ አይደለም» ማለት ስህተት ነው፤ ያለቀው አሲዱ ነው። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢበዛ 1.8 ግራም ነው፣ ስለሆነም 1 ግራም ብቻ የሚለይ የሱቅ ሚዛን በበቂ ትክክለኛነት አያሳየውም፤ 0.1 ግራም የሚለይ ያስፈልጋል። ማጠቃለያው ላይ ፍጥነቱ በጣም ስለሚቀንስ ማሰሮው እስከ ማግስቱ መቆየት አለበት። እዚህ ላይ የድሬዳዋ ሙቀት ጣልቃ ይገባል። ክፍት ማሰሮ ሌሊቱን ከአቼቶው ራሱ ብዙ ግራም ያተናል፣ ተማሪውም የተነነውን ውሃ ጋዝ ነው ብሎ ይመዘግባል። መድኃኒቱ ድንጋይ የሌለበት፣ አፉ እኩል ስፋት ያለው ሌላ ማሰሮ አጠገቡ ማስቀመጥና የሁለቱን ልዩነት መውሰድ ነው። ማነጻጸሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በገባው የፕላዝማ ትምህርት ይህን መሰል ሙከራ በስክሪን ያየ ትውልድ አለ። ስክሪን ላይ የሚታይ ሙከራ አይከሽፍም፣ አይተንም፣ ሚዛኑም አይሳሳትም። ጉድለቱ ይኸው ነው።

የሒሳብ መምህራንን የምንጠይቀው ከዚህ ይቀልላል፤ ሜትር፣ ሲባጎና አራት ችካል ብቻ። ግንበኛ የመሠረት ማዕዘን የሚያወጣው በ3፣ 4፣ 5 ነው። በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለካል፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ክፍል ውስጥ የማይጠየቀው «5 ሜትር ከ2 ሳንቲም ቢሆንስ?» የሚለው ነው። ማዕዘኑ 90.5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ለዓይን አይታይም። 12 ሜትር በሆነ ግድግዳ ጫፍ ላይ ግን 10 ሳንቲም ይወጣል፣ ሴራሚክ አንጣፊው ሲመጣም የመጨረሻው ረድፍ በሰያፍ ይቆረጣል። ሁለት ሳንቲም ደግሞ ሜትሩ ተወጥሮ ካልተያዘ፣ ወይም አንዱ ጫፍ ከፍ ባለ መሬት ላይ ካረፈ ያለምንም ችግር ይመጣል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ፎርማን በ6፣ 8፣ 10 የሚሠራው፤ ያችው 2 ሳንቲም ስህተት የምታስከትለው መዛባት በግማሽ ይቀንሳል። የትምህርት ቤቱ ግቢ በቂ ነው። አራት ቡድን በየተራ ማዕዘን ያውጣ፣ አምስተኛው ቡድን ይፈትሽ።

ጥመርታም እንዲሁ። 5 በመቶ የሆነ በረኪና ወደ 0.5 በመቶ ለማቅጠን አንድ እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ነው። በጣም የተለመደው ስህተት «አሥር ጊዜ ማቅጠን» ሲባል 10 እጅ ውሃ መጨመር ነው። እዚህ ላይ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ 0.45 በመቶ ይሆናል። ከ5 በመቶ ወደ 2.5 በመቶ ሲቀጠን ግን ሁለት እጅ ውሃ የጨመረ ሰው የሚያገኘው 1.7 በመቶ ነው። የሕፃን ሽሮፕም ከዚሁ መደብ ነው፦ ሐኪሙ 180 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ያዘዘለት ልጅ፣ ጠርሙሱ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የሚል ከሆነ 7.5 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። በሾርባ ማንኪያ የሰጠ ወላጅ 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም እጥፉን ሰጠ። ይህ የ6ኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ መጽሐፍ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በብርቱካንና በእርሳስ ነው።

ዝናብን በአጭሩ። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ ሲዘንብ 10,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 10,000 ቶን ውሃ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በደቻቱ ወንዝ ያለፈውን ጎርፍ የምታስታውስ ከተማ ልጆቿ ይህን ማባዛት በቃላቸው ሊያውቁት ይገባል። ውሃው የሚመጣው ከደንገጎ በኩል ካለው ከፍታ ስለሆነ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ሊሞላ እንደሚችልም ከትምህርቱ ጋር ይነገር። ዝናብ መለኪያ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ይሠራል፤ ታችኛው ክፍሉ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ቀጥ ያለው ጎን እስከሚጀምርበት ድረስ አስቀድሞ ውሃ ይሞላና ያ «ዜሮ» ይባላል። ይህን ያልሠራ ልጅ የመጀመሪያውን ዝናብ አብዝቶ ይመዘግባል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት እርማቱ እንዲለወጥ። የተግባር ሥራ ከ10 የሚታረም ከሆነ 3ቱ ከነመለኪያው ለተጻፈ ንባብ፣ 2ቱ ሦስት ጊዜ ደግሞ ለመለካት፣ 2ቱ ለስሌቱ፣ የቀሩት 3 ደግሞ ንባቡ ከመጽሐፉ ለምን እንደተለየ ለሚሰጥ ምክንያት ይሁኑ። 96 ጽፎ «ከፍታ» ያለ ልጅ ሙሉ ያግኝ። 100 የጻፈ ደግሞ ደጋግሞ የለካበት ሠንጠረዥ ይጠየቅ፤ ሦስቱም ንባብ ያለ ምንም ልዩነት 100.0 ከሆነ መምህሩ ነገሩ ይገባዋል። ይህ ለውጥ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ለዚህ ነው ያስቀደምነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 3.3 ብቻ መሆናቸው ሲሰማ ብዙ ተባለ፤ ስለ ኩረጃ፣ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ መምህር። የኛ ሐሳብ ያን ሁሉ ይፈታል አንልም። ነገር ግን ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የሌላ ሰው ቁጥር እየገለበጠ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ልጅ 12ኛ ላይ ሲኮርጅ አዲስ ነገር አልጀመረም።

60 ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይቻላል ለሚለው፦ ስድስት ጣቢያ፣ በየጣቢያው አሥር ልጅ፣ እሳት ያለበት ጣቢያ ከሁለት አይብለጥ፤ ሌሎቹ ማዕዘን ያውጡ፣ ይመዝኑ፣ ያስሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየሩ። መልቲሜትር ለባትሪ ድንጋይ ብቻ ይሁን፤ የግድግዳ ሶኬት ውስጥ የሚገባ ምንም ነገር ለተማሪ አይሰጥ። የቆጣሪውን መብራት መቁጠር ምንም መክፈት ስለማይጠይቅ ለዚህ ነው የመረጥነው።

ከኛ በኩል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣን መምህራንን ማገዝ እንችላለን። መጀመሪያ የምንሠራውም ቴርሞሜትሮቹን መፈተሽ ነው። የደቀቀ በረዶ ከጥቂት ውሃ ጋር በኩባያ ይሞላል፣ ቴርሞሜትሩ 3 ደቂቃ ይቆያል፣ እያማሰሉ ይነበባል፤ 0 ማለት አለበት። 1.5 የሚል ከተገኘ አይጣል። «1.5 ይቀነስ» ተብሎ በፕላስተር ይለጠፍበትና ለ8ኛ ክፍል ይሰጥ።

ከአክብሮት ጋር
በድሬዳዋ የምንሠራ የኤሌክትሪክ፣ የጤና፣ የግንባታ፣ የኬሚስትሪና የሒሳብ ባለሙያዎች